ኤታኖል ያበራል እንዴ?

በዚያ ምሽት የቤተ ሙከራውን መብራት ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አብሪ ቀለም የገባባቸው አራት ቁራጭ ኤሮጄል፣ ጭስ የሚመስል እጅግ ቀላል ጠጣር፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድሬ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት በእጄ ይዤ፣ የትኛው እንደሚያበራና የትኛው እንደሚፈዝ እያየሁ ነበር። ሁለቱ እንደ ፍም ብርቱካናማ ሆነው በሩ። ሁለቱ ግን፣ ፍሎረሲን የተባለው ቀለም የገባባቸውና አረንጓዴ ሆነው መንቦግቦግ የነበረባቸው፣ ምንም ያልገባባቸው ይመስል ደብዝዘው ቀሩ። አልደነገጥኩም። ከሳምንት በፊት በባልደረቦቼ ፊት ቆሜ ይህንኑ በሠንጠረዥ አሳይቻለሁ፤ «ፍሎረሲን ኤሮጄል ውስጥ ሲገባ ይደክማል» ብዬም በሙሉ ልብ ተናግሬያለሁ። ያመሸሁትም ለዚያ ንግግር ማስረጃ የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሳት ነበር።

በሩ ተንኳኳና የሚወገደውን ኬሚካል የሚሰበስቡት ሰው ገቡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ዕቃ ንክች አያደርጉም። ጥግ ላይ ወዳለው ነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። «ኤታኖል ብለው ይጻፉት» አልኳቸውና ዞር ስል በእጄ የያዝኩት መብራት አብሮኝ ዞረ። ጀሪካኑ ከታች እስከ አንገቱ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ፊታቸው ሳይቀር በዚያ ብርሃን ታየኝ። ጥቂት ቆዩና፣ ሳይስቁ፣ «ኤታኖል ያበራል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አያበራም። ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ጄሎቼን ለቀናት ያጠብኩበት ኤታኖል ነው። በየጊዜው ስቀይረው ሳልለካ፣ አንዱን ከሌላው ሳልለይ፣ እዚያው ደፋሁት። ቀን ሲያዩት ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ዓይን አይስብም። የፈዘዙት ኤሮጄሎቼ የጎደላቸው ብርሃን ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ግን ያልደከመውን ቀለም ደካማ ነው ብዬ ስም ሳጠፋ ከርሜያለሁ።

ጭስ የሚመስለው ጠጣር

ኤሮጄልን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሲነግሩት አያምንም። ጭስ ባለበት ረግቶ ጠጣር የሆነ ይመስላል። በጥቁር ነገር ላይ ሲያስቀምጡት ሰማያዊ ጥላ አለው፤ ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩበት ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው የብርሃን መበተን ነው ይህንንም የሚሠራው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው። የቀረው፣ በጥቂት ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ቅንጣቶች እንደ ጨሌ የተሰካካ የሲሊካ፣ የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር፣ አጽም ነው። ቁራጩን አንስተህ ክብደት ሳይሰማህ ሲቀር እጅህን መልሰህ ታያለህ፤ እኔ እስካሁን አያለሁ።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስትለር በ1931 ይህን ነገር ለዓለም ያሳወቀው አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይዞ ነው፦ ከጄል ውስጥ ፈሳሹን አውጥቶ አጽሙን ሳያፈርሱ አየር መተካት ይቻላልን? ጄል ዝም ብሎ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየቀዳዳው ያለው ፈሳሽ እያፈገፈገ ሲሄድ ገጹ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋልና። ኪስትለር ፈሳሹን በግፊት ውስጥ አሞቀውና ፈሳሽና ጋዝ የሚባል ልዩነት ከማይኖርበት ደረጃ አደረሰው። ገጽ ከሌለ የሚስብ ነገር የለም። ኤታኖልን ለዚህ ለማብቃት ከ240 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጠይቃል፤ ብዙ ቀለም እዚያ ሲደርስ ይበስላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 31 ዲግሪና ከከባቢ አየር ወደ 73 እጥፍ የሚሆን ግፊት ይበቃዋል። ስለዚህ እንደኔ ተሰባሪ ሞለኪውል ጄል ውስጥ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ በኤታኖል አጥቦ፣ ቀጥሎ ኤታኖሉን በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክቶ፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ጋዙን ይለቅቀዋል።

ብዙ ሰው ኤሮጄልን የሚያውቀው በሙቀት መከላከያነቱ ወይም በ2006 የኮሜት ብናኝ ይዛ በተመለሰችው የስታርደስት መንኮራኩር ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። የአንድ ግራም ሲሊካ ኤሮጄል የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ500 እስከ 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ከ50 ናኖሜትር አይበልጡም። በተለመደው አየር አንድ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ ወደ 70 ናኖሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጣቸው ነገሩ ይገለጣል፦ ኤሮጄል ውስጥ የገባ ኦክስጅን ከመሰሉ ይልቅ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። እንግዲህ በዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ጠቋሚ፣ ማለትም ጋዝ ሲያገኘው ብርሃኑ የሚለወጥ ሞለኪውል፣ ብታስቀምጥ፣ የሚገባው ጋዝ ሁሉ ሳይወድ በግድ ደጋግሞ ያገኘዋል ማለት ነው። ኒኮላስ ሌቨንቲስና ባልደረቦቹ በ1999 አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ዳያዛፓይሪኒየም የተባለ አብሪ ሞለኪውል ከሲሊካው አጽም ጋር በኬሚካል ትስስር አጣብቀው፣ ኦክስጅንን ጋዝ በክፍት አየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት ብዙም ሳይርቁ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። እኔ ያንን ካነበብኩ በኋላ ነው በዚህ ሥራ የተያዝኩት።

የእኔ ሐሳብ ከዚያ ይቀልል ነበር። ትስስር መሥራት አድካሚ ነው። ጄሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ቀለሙን ብጨምርበት፣ ሲረጋ ውስጡ ተይዞ አይቀርምን? ሁለት ጠቋሚ መረጥኩ። አንዱ ባይፒሪዲን የተባሉ ሦስት ሞለኪውሎች ያቀፉት ሩቴኒየም የተባለ ብረት ነው። ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል፣ ብርቱካናማ ቀይ ይመልሳል፤ ኦክስጅን ሲያገኘው ግን ጉልበቱን ለእሱ አስረክቦ ሳያበራ ይቀራል። ሌላው ፍሎረሲን ነው፤ የአሲድ ተን ሲደርስበት ይፈዝዛል። ከሁለቱም እኩል ጨመርኩ፣ በደብተሬም «እኩል» ብዬ ጻፍኩ።

ወገን የለየ ግድግዳ

ሰውየው ጀሪካኑን ትተው ከሄዱ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። መብራቱንም አላበራሁትም። ያስጨነቀኝ መሳሳቴ አልነበረም፤ የተሳሳትኩት አስቀድሞ ከማውቀው ነገር መሆኑ ነው።

የሲሊካ ገጽ ባዶ ብርጭቆ አይደለም። ዳር ዳሩን ሃይድሮጅን የያዙ የኦክስጅን ቡድኖች ተሰልፈውበታል። አካባቢው በጣም አሲዳማ ሲሆን፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 2 ወይም 3 ገደማ ላይ፣ ገጹ በጥቅሉ ሙል የለውም። ከዚያ ከፍ ሲል ቡድኖቹ ሃይድሮጅናቸውን እየለቀቁ ገጹ አሉታዊ ሙል ይይዛል፤ ፒኤቹ በጨመረ ቁጥርም ይብስበታል። እኔ ደግሞ ጄሉን ያረጋሁት በአሞኒያ ነው። የአሞኒያ ሥራ ምን እንደሆነ ማንም ይነግረኛል፤ ጄሉን ያፈጥናል፣ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። በሌላ አነጋገር ግድግዳዎቹን በሙሉ በአሉታዊ ሙል ቀባኋቸው።

ሩቴኒየሙ ሁለት አዎንታዊ ሙል አለው። ፍሎረሲን በአሞኒያ ውስጥ ሁለት አሉታዊ ሙል ይይዛል። ይህን በወረቀት ላይ ስጽፈው ለትምህርት ቤት ፈተና የተዘጋጀ ይመስላል። አንዱን ግድግዳው ይስበዋል፣ ሌላውን ይገፋዋል። የተገፋው በቀዳዳዎቹ መሐል ካለው ፈሳሽ ጋር ይቆያል፤ ፈሳሹ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። እኔም አራት ጊዜ እየቀየርኩ አብሬ ሸኘሁት።

ያሳቀኝ፣ ትንሽም ያናደደኝ፣ የፍሎረሲን ታሪክ ነው። አዶልፍ ፎን ባየር በ1871 የሠራው ይህ ቀለም ዝናን ካተረፈባቸው ነገሮች አንዱ ውሃን እየተከተለ መሄድ ነው። በ1877 በጀርመን የዳኑብ ወንዝ መሬት ውስጥ ከሚሰምጥበት ቦታ ላይ ፍሎረሲን ተጨምሮ፣ በሌላ በኩል በአኽ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የዳኑብ ውሃ ከመሬት በታች አልፎ ወደ ራይን እንደሚሄድ የታወቀው በዚህ ነው። ድንጋይ ሳያስቀረው የተጓዘን ቀለም እኔ በሲሊካ ግድግዳ ውስጥ ተቀመጥ አልኩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት ለሰው ነበር።

ለምን ታዲያ አላሰብኩም? ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ቃል ላይ ያርፋል። ሥራውን ስገልጽ «ማሰር» እል ነበር፤ «ቀለሙን በጄል ውስጥ አስሬ»። ማሰር ስትል ግድግዳው እስር ቤት፣ ሞለኪውሉ እስረኛ ይሆናል። እስር ቤት ደግሞ ማን ቢገባበት ግድ የለውም። የእኔ እስር ቤት ግን ቀዳዳው ከፍሎረሲን ከአስር እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋዝ በፍጥነት እንዲገባ ብዬ የመረጥኩት ክፍትነት ለመውጣትም ያው ክፍት ነው። የሚያስቀረው ነገር ቢኖር መጠን ሳይሆን መሳሳብ ነው። ዴቪድ አቭኒርና ባልደረቦቹ በ1984 ሮዳሚን 6ጂን በሲሊካ ጄል ውስጥ ይዘው ባሳዩበት ሥራ የተጠቀሙት ቀለም አዎንታዊ ሙል ያለው መሆኑን ብዙ ጊዜ አንብቤ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ልወቅሰው አልችልም። ሙል የሌለው ቅባታማ ቀለም በእሱ ውስጥ ሊሟሟና ሊያመልጥ ይችላል፤ ሙል ያለው ጨው ግን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ አይሟሟም ቢባል ያስኬዳል። ስለዚህ ማድረቂያው ክፍል የደረሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጉዳዩ ያለቀው ከዚያ በፊት፣ በአሰልቺው እጥበት ላይ ነው። ማንም ፎቶግራፍ በማያነሳው ደረጃ ላይ።

ሳይደፋ የተለካው

በማግስቱ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ የፈሰሰውን እንኳ መልቀም አልቻልኩም፣ የአራቱም ጄል እጥበት ተቀላቅሏልና። በዚህኛው ጊዜ ለእያንዳንዱ እጥበት የየራሱ ጠርሙስ ተሰጠው፤ ቀንና ተራ ቁጥር ተጻፈበት። የእያንዳንዱን ብርሃን የመምጠጥ መጠን በስፔክትሮፎቶሜትር ለካሁ፤ የጨመርኩትን ከወጣው ጋር አስተያየሁ። ሥራው ደንቆሮ ሥራ ነው። ሳምንት ፈጀ፣ አንድም የሚያምር ነገር አላሳየኝም።

የፍሎረሲኑ ጠርሙሶች ከመጀመሪያው ወደ አራተኛው እየሳሱ ሄዱ፤ ሲደመሩ ግን ከጨመርኩት አብዛኛውን ይዘዋል። የሩቴኒየሙ የመጀመሪያ ጠርሙስ ጥቂት ቀላ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት የንጹሕ ኤታኖል ያህል ነበሩ። «ይደክማል» ያልኩት ቀለም አልደከመም፤ የለም ነበር። በኤሮጄሉ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፍሎረሲን በቀረው ልክ ስመዝነው ብርሃኑ ያን ያህል የሚያሳፍር አልነበረም። በሠንጠረዤ ላይ ያካፈልኩት ለገባው እንጂ ለቀረው አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሒሳብ ነው።

ባልደረቦቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ስጠብቀው የነበረውን ያህል ማንም አልገረመውም። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ «እኔ እኮ የእጥበቱን ፈሳሽ ምን አደረግከው ልልህ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ለምን እንዳልጠየቀችኝ ስጠይቃት «በጣም እርግጠኛ ትመስል ነበር» አለች። ይህ መልስ ከጀሪካኑ ይልቅ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ከዚያ ፍሎረሲኑን ለማስቀረት ሞከርኩ። መንገዱ የታወቀ ነው፦ ግድግዳውን ወገን ማስለወጥ። አሚን የተባለ፣ ናይትሮጅን ያለበት ቡድን የያዘ የሲሊኮን ውህድ ከገጹ ጋር አያይዘህ አሞኒያውን አጥበህ ካወጣህ በኋላ፣ አሚኖቹ ሃይድሮጅን ተቀብለው አዎንታዊ ሙል ይይዛሉ። ነገር ግን ቀለሙ አሉታዊ ሆኖ እንዲቆይ አካባቢው አሲዳማ መሆን የለበትም፤ አሚኑ አዎንታዊ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ ፒኤቹ ከመጠን በላይ መውጣት የለበትም። ሁለቱ የሚስማሙበት መሐል ጠባብ ነው፤ አገኘሁትና ጄሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ እጥበቱም ነጣ። ደስ አለኝ፤ ለሦስት ቀን ያህል።

አራተኛው ቀን ላይ የአሲድ ተን ሰደድኩበት። ምንም አልሆነም። እንደገና ሰደድኩ፤ አሁንም ያው አረንጓዴ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ብቻ መፍዘዝ ጀመረ። አሚን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ቀድሞ ይስቃል። አሚን አሲድን የሚቀበል ቡድን ነው። ሃይድሮጅን ያልያዙት አሚኖች በመቶዎች በሚቆጠር ካሬ ሜትር ላይ ተሰልፈው፣ የመጣውን አሲድ ከቀለሙ ቀድመው ይጠጡታል። ቀለሙን ያስቀረልኝ ግድግዳ ቀለሙ ሊነግረኝ የሚገባውን ወሬ አስቀረብኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ።

የሚይዝ ሲቀብር

ሩቴኒየሙስ? እርሱ ልጄ ነበር፤ በምሽቱም ጨለማ እንደ ፍም የበራው። ስለ እርሱ አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ለዚህም ነው በመጨረሻ የደረስኩበት።

ኦክስጅን ሲጨምር ብርሃኑ በምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ግራፍ አለ። ኦክስጅን በሌለበት ያለውን ብርሃን ኦክስጅን ባለበት ላለው ታካፍላለህ፤ ሁሉም ሞለኪውሎች እኩል የሚገናኙ ከሆነ ውጤቱ ከኦክስጅኑ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። የእኔ መስመር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይሄድና ቀስ ብሎ ወደ ታች ይጎብጣል። ብዙዎች በጠጣር ነገር ውስጥ በያዟቸው ጠቋሚዎች ይህንኑ ጉብጠት ያያሉ፤ ሞለኪውሎቹ በሁለት ዓይነት ቦታ እንደተቀመጡ አድርጎ ማስላትም የተለመደ ነው። አንዱ ቦታ ለኦክስጅን ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ። እኔም በዚያው ሒሳብ አሳምሬ አለፍኩት። ቀመሩ ሁለት ተጨማሪ ቁጥር ሲሰጡት ማንኛውንም ጉብጠት ያቃናል፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ይህን አያስተውልም።

ከጀሪካኑ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠብኝ። ሩቅ የሆነው ቦታ የት ነው? ኤሮጄል ውስጥ እኮ ሩቅ የሚባል ቦታ መኖር አልነበረበትም፤ ክፍት ስለሆነ አይደል የመረጥነው? የሲሊካ ቅንጣቶቹ ሲያድጉ አሰብኳቸው። ገና ትንንሽ ሳሉ አሉታዊ ሙል አላቸው፤ ሩቴኒየሙ ይጠጋቸዋል፤ እነርሱ ማደጋቸውን አያቆሙም። የተጠጋው ሁሉ ላዩ ላይ አይቀርም። ከፊሉ ሲሊካ ይለበስበትና በቅንጣቱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ቅንጣቱ ጥቂት ናኖሜትር ቢሆንም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ኦክስጅን እንደ ቀዳዳው አይመላለስበትም። ሩቴኒየምን በሲሊካ ናኖቅንጣቶች ውስጥ ሆን ብለው የሚያስገቡ ሰዎች በዚሁ መሳሳብ ነው የሚጠቀሙት፤ እንዳያፈስባቸውና አካባቢው እንዳይነካው። እነርሱ የፈለጉት እኔን የሚጎዳኝ ነው። ሙል ባይኖረው ይታጠብ ነበር፤ ሙል ስላለው ሊቀበር ይችላል።

ይህ እንግዲህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ሊፈተን የሚችል ግምት። ጄሉ ከረጋ በኋላ፣ ቅንጣቶቹ ካደጉ በኋላ፣ ቀለሙን በመንከር ብታስገባው የሚያርፈው ላይ ላዩን ብቻ ነው። እንደዚያ አድርጌ ሠራሁ። መስመሩ ቀና አለ፤ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። በመንከር የገባው ደግሞ ዳር ዳሩ ላይ ደምቆ መሐሉ ላይ ይሳሳል፤ መጀመሪያ ያገኘው ግድግዳ ይይዘዋልና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቁራጩን ለሁለት ስሰብረው መሐሉ ነጭ ነበር። ውሃ እንዳይነካው ብለህ ገጹን በሜቲል ቡድኖች ብትሸፍነው ደግሞ ያንኑ ቀለሙ የሚቀመጥበትን መቀመጫ ትቀንሳለህ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ጀሪካኑን ለጊዜው እንዲተዉልኝ ለምኜ ነበር። ሰውየው ለአንድ ሳምንት ፈቀዱልኝ፤ በስምንተኛው ቀን መጥተው ወሰዱት። ላዩ ላይ «ኤታኖል፣ ፍሎረሲንና ጥቂት ሩቴኒየም ያለበት» ብለው በትልቁ ጽፈውበታል፤ አጻጻፉን ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

ደብተሬ ውስጥ አሁን «እኩል» የሚል ቃል የለም። በምትኩ ሦስት ዓምድ አለ። አንደኛው የገባው ነው። ሁለተኛው ከእጥበት የተረፈው፤ ይህን በየጠርሙሱ ለክቼ እሞላዋለሁ። ሦስተኛው ከተረፈው ውስጥ ጋዙን በእርግጥ የሚያገኘው ነው። በዚህኛው ዓምድ የምጽፈው እስካሁን በእርሳስ ነው።